ክራር፣ ማሲንቆና ድምፅ ለመቅዳት የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል? (የቤት ስቱዲዮ)

ክራር ዘልደታ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ሲሆን ካሉኝ ሁለት ክፍሎች አንዷን ለሙዚቃ ሥራ ለይቻታለሁ። ክራር እጫወታለሁ፤ እዘፍናለሁም። አብሮኝ የሚሠራው ጓደኛዬ ደግሞ ማሲንቆ ይጫወታል። እስካሁን የምንቀዳው ስቱዲዮ በሰዓት እየተከራየን ነበር። ክራር ተቃኝቶ እስኪረጋ ጊዜ የሚወስድ መሣሪያ ስለሆነ ግን የከፈልንበት ሰዓት ግማሹ ክር በማጥበቅና በማላላት ያልቅብናል። ስለዚህ ቀረጻውን ቤት ውስጥ ጨርሰን ሚክስና ማስተሪንጉን (ቅጂዎቹን አመጣጥኖ ማዋሃዱንና የመጨረሻ ማስተካከያውን) ብቻ ለባለሙያ ለመስጠት ወስነናል።

ላፕቶፔ ዊንዶውስ ያለው፣ 8 ጊጋባይት ራም የያዘ ነው። ሁለት ማይክ የሚቀበል ሳውንድ ካርድ፣ ሁለት ዳይናሚክ ማይክና አንድ ሄድፎንም አለኝ። የቀረኝ ሶፍትዌሩ ብቻ ነው። የጠየቅኋቸው ሰዎች ሁሉ የየራሳቸውን ሲመክሩኝ፣ ምን እንደምቀዳ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። እኔ የምፈልገው አንድን ዜማ ደጋግሜ ቀድቼ ከየቅጂው የተሻለውን ስንኝ መርጬ መገጣጠም የሚያስችለኝ፣ ቅኝታችንን የማያበላሽ፣ በዚህ ላፕቶፕ ላይ ሳይንገዳገድ የሚሠራና በሕጋዊ መንገድ ልገዛው የምችል ነው። መብራት በድንገት ሲጠፋ የቀዳሁት እንዳይጠፋብኝም እሰጋለሁ። የሠራችሁበት ሰዎች ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።

የካዛንቺሱ አቀናባሪ

እኅታችን፣ ጥያቄዎን በዝርዝር ማቅረብዎ ለመላሹም ሥራ ያቀልላል። እኔ የምሠራው በኪውቤዝ ነው፤ ምክንያቱንም ልንገርዎ። ኪውቤዝ በ1989 እ.ኤ.አ. በአታሪ ኮምፒውተር ላይ ሲጀምር የሚዲ፣ ማለትም ድምፁን ሳይሆን የተመታውን ኖታ የሚመዘግብ፣ ሶፍትዌር ነበር፤ ዛሬም ድረስ በኪቦርድ የተጫወቱትን ኖታ በኖታ ለማረም እንደ እርሱ የሚመቸኝ አላገኘሁም። በእኔ ዕድሜ ያሉ የማውቃቸው አቀናባሪዎችም አብዛኞቹ እጃቸውን የፈቱት በእርሱ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ነገር አልሠራ ሲልዎት ደውለው የሚጠይቁት ሰው መኖሩ ከሶፍትዌሩ ችሎታ እኩል የሚታሰብ ጉዳይ ነው። የሚክሱን ሥራ የሚሰጡት ባለሙያም ኪውቤዝ የሚጠቀም ከሆነ ፕሮጀክቱን እንዳለ ሊከፍትልዎት ይችላል።

ቀድሞ ኪውቤዝ የሚሠራው የፈቃድ ቁልፍ የያዘች ፍላሽ የምትመስል ዕቃ ኮምፒውተሩ ላይ ሲሰካ ነበር። ያቺ ዕቃ ከተሰበረች ወይም ከጠፋች ሥራው ይቆም ነበር፤ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን፣ ከ12ኛው እትም ጀምሮ፣ ቀርታለች። ሙሉው እትም ውድ መሆኑን አልክድም። ይሁን እንጂ አንዳንድ ሳውንድ ካርዶች ኤል ኢ የሚባለውን አነስተኛ እትም ከነፈቃዱ ይዘው ስለሚመጡ የሳውንድ ካርድዎን ካርቶን ከመጣልዎ በፊት ውስጡ ያለውን ወረቀት ይመልከቱ። ለእርስዎ ሥራ እርሱም ይበቃል።

ቢት ሠሪ ከጨርቆስ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ ነው የምጠቀመው፤ በእኔ እኩዮች ዘንድም በብዛት የማየው እርሱኑ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ፍሩቲ ሉፕስ ተብሎ የወጣ የቤልጅየም ሥራ ሲሆን፣ አንዴ የገዛ ሰው ቀጣዮቹን እትሞች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ማግኘቱ እንደ እኛ ዶላር ለሚቸግረው ሰው ትልቅ ነገር ነው። ቢት (የዘፈን የምት መሠረት) ለመሥራት፣ ሐሳብ በፍጥነት ለመሞከር፣ ከበሮና ቤዝ ለመደርደር እጅግ ፈጣን ነው።

ሆኖም ለእኅቴ እውነቱን መናገር አለብኝ። ኤፍ ኤል የተሠራው አጫጭር ስልቶችን እየደራረቡ ዘፈን ለመገንባት ነው። አንቺ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚጫወት ክራር ነው የምትቀጂው። ያም ይቻላል፤ ግን በማይክ መቅዳት የሚቻለው ፕሮዲውሰር ከሚባለው ደረጃ ጀምሮ ስለሆነ ርካሹን ደረጃ ገዝተሽ እንዳታዝኚ። የነጻ መሞከሪያው ደግሞ ፕሮጀክት ያስቀምጣል እንጂ ያስቀመጥሽውን መልሶ አይከፍትልሽም። ስለዚህ ለመለማመድ ካልሆነ በስተቀር ሥራ አይሠራበትም። ሥራሽ ቢት ቢሆን ኖሮ ሳላመነታ ኤፍ ኤል ያዢ እልሽ ነበር።

ስድስት ኪሎ

እኔ ሪፐርን እመክራለሁ፤ ሰፋ አድርጌ ብጽፍ ይቅርታ ይደረግልኝ፤ የጠያቂዋ ሥራና የእኔ ሥራ ስለሚመሳሰል ነው። የምቀዳው በአብዛኛው የባህል መሣሪያና የመዘምራን ድምፅ ነው።

ሪፐር ከ20 ሜጋባይት ያነሰ ፋይል ነው። ሌሎቹ ከነድምፅ ቤተ መጻሕፍታቸው በአሥሮች ጊጋባይት በሚወርዱበት ጊዜ ይህ በአንድ ትንሽ የኢንተርኔት ጥቅል ይወርዳል። ለ60 ቀናት ምንም ገደብ ሳይኖርበት በነጻ ይሞከራል። ዋጋው ለግል ተጠቃሚና ከሙዚቃ የሚያገኘው ዓመታዊ ገቢ ከ20,000 ዶላር ለማይበልጥ ሰው 60 ዶላር ነው፤ ከዚያ በላይ ለሚያገኝ ደግሞ 225 ዶላር። በ60 ዶላሩና በ225ቱ መካከል የሶፍትዌር ልዩነት የለም፤ ሁለቱም አንድና ሙሉ ናቸው። ፈቃዱ በኢሜይል የሚላክ ትንሽ ፋይል ስለሆነ አንዴ ካስገቡት በኋላ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሶፍትዌሩ አይዘጋብዎትም። በየጊዜው መስመር ላይ እየወጡ ማረጋገጫ የሚጠይቁ ሶፍትዌሮች እዚህ አገር ምን ያህል እንደሚያስቸግሩ የደረሰበት ያውቃል።

ደጋግሞ ቀድቶ ስለ መምረጥ ለጠየቁት፣ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው 7ኛው እትም ለዚህ ተብሎ የተሠራ አሠራር አለው። አንድ ስንኝ ደጋግመው ሲዘፍኑ እያንዳንዱ ቅጂ ከቀዳሚው ሥር በራሱ መስመር ይቀመጣል፤ ከዚያ ከአንዱ የመጀመሪያውን ሐረግ፣ ከሌላው ሁለተኛውን በመዳፊት እያሰመሩ ሲመርጡ ሶፍትዌሩ ራሱ ያገጣጥመዋል። ያልመረጡት ስለማይጠፋ በማግስቱ ሐሳብዎን ቢቀይሩ ተመልሰው ያገኙታል።

ጉድለቱን ልደብቅ አልፈልግም። ሪፐር ከራሱ ጋር ፒያኖ፣ ቫዮሊን፣ ድራም የሚባል ነገር ይዞ አይመጣም። መጀመሪያ ሲከፍቱት ባዶ ግራጫ ሰሌዳ ነው፤ ምናሌዎቹም ብዙ ስለሆኑ ጀማሪን ያስፈራሉ። እንዲሁም ከካዛንቺስ የጻፉልን አቀናባሪ እንዳሉት፣ ደውለው የሚጠይቁት የሪፐር ሰው በከተማችን ከኪውቤዙ ያነሰ ነው። ይሁን እንጂ የእርስዎ ሥራ በእጅዎ ባሉ መሣሪያዎች የሚሠራ በመሆኑ የመጀመሪያው ጉድለት ብዙም አይነካዎትም።

ክራር ዘልደታ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሳውንድ ካርዴን ካርቶን ፈልጌ የኪውቤዝ ኤል ኢ ኮድ አግኝቼበታለሁ፤ ስለዚህ እርሱንና ሪፐርን ጎን ለጎን ለመሞከር አስቤያለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። በዘፈኖቻችን ውስጥ ከበሮ አለ፤ ከበሮ የሚመታልን ሰው ሁልጊዜ ስለማይገኝ ሪፐር የድራም ድምፅ ከሌለው ምን አደርጋለሁ? ሁለተኛው፣ ጓደኛዬ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ድምፁ ላይ ማረሚያ ተደርጎበት ዜማው የእርሱ እስከማይመስል ድረስ ተለውጦ ስለሰማው፣ ኮምፒውተር ላይ መሥራትን ፈርቶታል። ይህ የሶፍትዌሩ ጠባይ ነው ወይስ የአጠቃቀሙ?

ባለማሲንቆ

የመጨረሻው ጥያቄ የልቤን ስለነካው መልሱን ለእኔ ተዉልኝ። ጓደኛሽ የፈራው ያለ ምክንያት አይደለም።

የድምፅ ማረሚያ የሚሠራው የተዘፈነውን ድምፅ ለክቶ፣ ቅርቡ ወደሆነው የተፈቀደ ኖታ በመሳብ ነው። «የተፈቀደው» የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ግን የሚያዘጋጀው ሰው ነው። ባለሙያው ማረሚያውን በሜጀር ስኬል ላይ ትቶት ጓደኛሽ በአንቺሆዬ ቅኝት ቢዘፍን ምን እንደሚሆን ተመልከቺ። አንቺሆዬ ከዶ ሲጀመር ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። በሜጀሩ ውስጥ ሬ ፍላትም ሶል ፍላትም ስለሌሉ ማሽኑ አንዱን ወደ ዶ ወይም ወደ ሬ፣ ሌላውን ወደ ፋ ወይም ወደ ሶል ይጎትታቸዋል። ዜማው እንዳለ ይፈርሳል። አምባሰልም እንደዚሁ ነው፤ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ሲሆን፣ ትዝታ ደግሞ ሜጀሩ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ማይነሩ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። እነዚህ በኪቦርድ ለሚሠራ ሰው የሚሰጡት የተለመዱ ቅርጾች መሆናቸውን አትርሺ፤ ማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ ከኪቦርዱ ጥቁርና ነጭ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፤ የዜማው ለዛም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሪፐር ሪያቱን የሚባል ማረሚያ ከራሱ ጋር አለው። እዚያ ውስጥ የአንድ ኦክታቭ ኪቦርድ ይታያል፤ የቅኝቱን አምስት ኖታዎች ብቻ ትተሽ ሌሎቹን ታጠፊያቸዋለሽ። ይህም ቢሆን በራሱ እንዲያርም ከተተወ የአንጎራጓሪን ድምፅ መንሸራተት ይቆርጠዋል። ስለዚህ ማረሚያው ቶሎ እንዳይጨብጥ ፍጥነቱን ማዘግየት፣ ከዚያም የተሻለው፣ በራሱ የሚያርመውን ትቶ የሳተውን አንድ ቦታ ብቻ በእጅ ማስተካከል ነው። ኪውቤዝም በከፍተኛው እትሙ ውስጥ በእጅ ማረም የሚያስችል ጥሩ መሣሪያ አለው። እኔ ግን ለጓደኛሽ የምለው ሌላ ነው፤ ቤታችሁ እየቀዳችሁ የሰዓት ሒሳብ ስለማያስጨንቃችሁ፣ የሳተውን ስንኝ ደግሞ ይዝፈነው። ደግሞ ለመቅዳት ጊዜ ካለ ማረሚያ ብዙም አያስፈልግም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከክራርሽ ጋር የኪቦርድ ቤዝ ወይም ፓድ (ከሥር የሚዘረጋ ረጅም ድምፅ) ልታስገቢ ካሰብሽ፣ በጆሮ የተቃኘ ክራርና እኩል በተከፋፈለ ሚዛን የተቃኘ ኪቦርድ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ክራሩን ቃኝተሽ ከጨረስሽ በኋላ እያንዳንዱን ክር ለየብቻ መትተሽ ቅጂ፤ የሪያቱን መለኪያ ክሩ ከኪቦርዱ ኖታ በስንት ሴንት እንደሚርቅ ያሳይሻል። አንድ ሴሚቶን መቶ ሴንት ነው። የተገኘውን ልዩነት በወረቀት ጽፈሽ ኪቦርዱን ወደ ክራሩ አምጪው እንጂ ክራሩን ወደ ኪቦርዱ አትውሰጂው። ሰርጅ ኤክስ ቲ የሚባለው ነጻ ሲንተሳይዘር የራስሽን ቅኝት በፋይል ይቀበላል፤ ኪውቤዝ ውስጥ ማይክሮ ቱነር የሚባል የሚዲ መሣሪያ አለ፤ ኤብልተን ላይቭም በ2024 እ.ኤ.አ. በወጣው 12ኛ እትሙ ልዩ ልዩ ቅኝቶችን መቀበል ጀምሯል። የመሣሪያዎቻችንን ቅኝት ለመጠበቅ የሚያስችል ነገር በእጃችን እያለ ሁሉን ነገር ለኪቦርድ ማስገዛት የለብንም።

ተማሪ አራት ኪሎ

ውይይቱን በጉጉት እየተከታተልኩት ነው። ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ሁላችንም እንደምናውቀው ሙሉው ኪውቤዝም ሆነ ሙሉው ኤፍ ኤል ክራክ የተደረገ (የፈቃድ ቁልፉ የተሰበረ) ቅጂ በፍላሽ ከሰው ይገኛል። ገና ገቢ የሌለው ጀማሪ በዚያ ቢጀምርና ሲያገኝ ቢገዛ ምን ችግር አለው?

የካዛንቺሱ አቀናባሪ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ የብዙዎች በመሆኑ በቁም ነገር ልመልስልህ። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሙዚቃ ሥራን እንደሚጠብቅ ሁሉ የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። ካሴቱ፣ ሲዲው፣ አሁን ደግሞ ፋይሉ ያለ ፈቃድ እየተባዛ የድካማችን ዋጋ የቀረብን እኛ ሙዚቀኞች ነን፤ የሌላውን ድካም ያለ ዋጋ ወስደን በእርሱ የሠራነውን ሥራ «አትቅዱብን» ለማለት አፋችን እንዴት ይደፍራል? ከሥነ ምግባሩ ባሻገር፣ ክራክ የተደረገ ፕለጊን (ሶፍትዌሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ያለበት ፕሮጀክት በሚክስ መካከል ሲዘጋ፣ ከክራኩ ጋር የገባ ቫይረስ የደንበኛን ቅጂዎች ሲበላ አይቻለሁ።

ገንዘብ ለሌለው ደግሞ መንገድ አልጠፋም። ኦዳሲቲ ነጻ ነው፤ ለቃለ መጠይቅና ለአንድ ድምፅ ቅጂ ይበቃል፣ ለተደራረበ የሙዚቃ ሥራ ግን ያደክማል። ማክ ያለው ጋራጅ ባንድን ያለ ክፍያ ያገኛል። ፕሮ ቱልስም ኢንትሮ የሚባል እስከ 8 የድምፅ ትራክ የሚፈቅድ ነጻ እትም አለው። ሪፐርን እኔ ባልጠቀምበትም የ60 ቀኑ ሙከራ ተማሪን የሚያከብር አሠራር ነው።

ስድስት ኪሎ

ስለ ክፍያው ልጨምር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ 60 ዶላር በብር ሲሰላ ለብዙ ሰው ቀላል ገንዘብ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ የባንክ ካርድ ያለው ሰው ወይም ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ሊከፍልልዎት ይችላል፤ ፈቃዱ ግን በራስዎ ስም እንዲወጣ ያስደርጉ። የአሁኑን 7ኛ እትም የገዛ ሰው ቀጣዩን 8ኛ እትም እስከ መጨረሻው ያለ ክፍያ ይጠቀምበታል። ፈቃዱ የሰው እንጂ የኮምፒውተር ስላልሆነ በአንድ ጊዜ በአንዱ ብቻ እስከ ሠሩ ድረስ ላፕቶፑ ላይም ዴስክቶፑ ላይም መጫን ይችላሉ።

መብራት ለሚለው፣ ላፕቶፕ መሆኑ ራሱ ግማሽ መፍትሔ ነው፤ ሳውንድ ካርዱም ኃይል የሚያገኘው ከላፕቶፑ ከሆነ መብራት ቢጠፋም ቀረጻው አይቋረጥም። ዴስክቶፕ ላለው ሰው ዩ ፒ ኤስ የግድ ነው። ሪፐርም ኪውቤዝም ፕሮጀክቱን በየተወሰነ ደቂቃ በራሳቸው የሚያስቀምጡበት ማስተካከያ አላቸው፤ በሪፐር ጊዜውን አሳጥረው ወደ 5 ደቂቃ ያውርዱት። የተቀዳው ድምፅ ከፕሮጀክቱ ፋይል ተለይቶ እዚያው በቅጽበት ወደ ዲስኩ የሚጻፍ በመሆኑ፣ ፕሮጀክቱ ቢበላሽ እንኳ ድምፁ አብሮ አይጠፋም።

ላፕቶፑ እንዳይንገዳገድ በፈርን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደውን የድምፅ ቁራጭ መጠን፣ መረዳት ያስፈልጋል። በ44.1 ኪሎኸርትዝ በፈሩ 128 ሲሆን መዘግየቱ ወደ 3 ሚሊ ሰከንድ፣ 1024 ሲሆን ከ23 ሚሊ ሰከንድ በላይ ነው፤ ይህም መግቢያው ብቻ ሲሆን መውጫው ሲደመር ከእጥፍ በላይ ይሆናል። በ1024 ላይ እየዘፈኑ ድምፅዎን በሄድፎን ከሰሙ ከራስዎ ኋላ እየቀረ የሚከተልዎ ሌላ ሰው ያለ ይመስልዎታል። ስለዚህ ሲቀዱ ወደ 128 ያውርዱ፣ ፕለጊኖቹን ይዝጉ፤ ሚክስ ሲያደርጉ ወደ 1024 ይመልሱ። ሳውንድ ካርድዎ ድምፅን በቀጥታ ወደ ሄድፎን የሚመልስ ቁልፍ ካለው ደግሞ እርሱን ይጠቀሙ፤ መዘግየቱን ጨርሶ ይረሱታል። ይህ በየትኛውም ሶፍትዌር ያው ነው።

ክራር ዘልደታ

ሁለቱንም ጭኜ ሞክሬያለሁ፤ ያየሁትን ልጻፍ።

ሁለቱም በላፕቶፔ ላይ ሠርተውልኛል። ኪውቤዝ ሲከፈት ቆይቶ ነው፤ ከተከፈተ በኋላ ግን ሁሉ ነገር በቦታው ስለሆነ ቶሎ ለመድኩት። ሪፐር ወዲያው ይከፈታል፤ የመጀመሪያው ምሽት በምናሌው ውስጥ መንገዱ ጠፍቶብኝ አለፈ። የለየልኝ የቅጂዎቹ መስመር ነው። አንዱን የትዝታ ዜማ ከክራሩ ጋር ደጋግሜ ዘፍኜ መስመሮቹን እየቀያየርኩ ስሰማ፣ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ድምፄ የደከመበትን ቅጂ ትቼ መተንፈሴ ሳይቆረጥ ከሌላው አያያዝኩት። ጓደኛዬ የራሱን ማሲንቆ በዚሁ መንገድ ሰምቶ፣ ድምፁ ምንም ሳይነካ እንዲህ መሥራት ከተቻለ እርሱም እንደሚቀዳ ነግሮኛል። ባለማሲንቆ እንዳሉትም የክራሬን ክሮች ለክቼ ጽፌያለሁ፤ ሁለተኛው ክር ከኪቦርዱ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል፤ እንዳለ ትቼዋለሁ።

ስለዚህ ሪፐርን መርጫለሁ፤ ፈቃዱንም አክስቴ ከምትኖርበት አገር ሆና በስሜ ልትገዛልኝ ነው። አሁን የተቸገርኩት በጭክጭካ ምት ነው። ሶፍትዌሩ ሲከፈት 4/4 እና 120 ብሎ ይጠብቀኛል፤ ወደ 6/8 ቀይሬ ክሊኩን (ምት የሚቆጥረውን ድምፅ) ስከፍተው ከምጫወተው ጋር አልሄድ አለኝ። ከበሮውም ጉዳይ ገና አልተመለሰልኝም።

ቢት ሠሪ ከጨርቆስ

ይህን እኔ ልመልስ፤ ኤፍ ኤል ላይም በየቀኑ የምጋፈጠው ነውና። ሶፍትዌሮች በብዛት ፍጥነትን የሚቆጥሩት በሩብ ኖታ ነው። ጭክጭካ ላይ እግርሽ መሬት የሚመታው ግን በየሦስቱ ስምንተኛ፣ ማለትም በአንድ ሩብ ተኩል ነው። ስለዚህ እግርሽ በደቂቃ 120 ጊዜ የሚመታ ከሆነ ሶፍትዌሩ ላይ 180 ብለሽ ጻፊ፤ እግርሽ 110 ከሆነ 165። የእግርሽን ቁጥር በአንድ ተኩል ማባዛት ነው። ከዚያ ክሊኩ በስድስቱም ላይ እየጮኸ እንዳያደነቁርሽ አንደኛውና አራተኛው ላይ ብቻ እንዲመታ አስተካክዪው። በኤፍ ኤል ደግሞ የስልቱ ሳጥኖች ሲከፈቱ 16 ስለሆኑ ለጭክጭካ ወደ 12 ማውረድ ያስፈልጋል፤ ይህን ያላደረገ ሰው ጭክጭካውን እያስገደደ በ4/4 ውስጥ ይጨምቀዋል፤ ሲሰማም ያስታውቃል።

ከበሮውን ከኢንተርኔት አትፈልጊ፤ የሌላ አገር ከበሮ ነው የምታገኚው። ከበሮ የሚመታው ሰው አንድ ቀን ሲመጣ ክፍሉን ዝም አሰኝተሽ እያንዳንዱን ምት ለብቻው ቅጂ። ሰፊው ፊት በመሐል መዳፍ ሲመታ፣ ዳር ዳሩን በጣት ሲመታ፣ ጠባቡ ፊት በመዳፍ፣ ጠባቡ ፊት በጣት፤ እያንዳንዱን በለስላሳ፣ በመካከለኛና በኃይል፣ ድምፁ ጨርሶ እስኪጠፋ ጠብቀሽ። አንዱን ዓይነት ምት አንድ ጊዜ ብቻ አትቅጂ፤ አንድ ድምፅ እየተደጋገመ ሲመታ ጆሮ ማሽን መሆኑን ወዲያው ይለየዋል። ከዚያ ሪፐር ውስጥ ሪያ ሳምፕሎማቲክ የሚባለው መሣሪያ ላይ እያንዳንዱን ለአንድ የኪቦርድ ቁልፍ ትሰጪዋለሽ። ከዚያ በኋላ የራስሽ ከበሮ አለሽ፤ ያ ሰው በማይኖርበት ቀንም ትሠሪበታለሽ። ለመታበት ቀን ክፈይው፣ ዘፈኑ ሲወጣም ስሙን ጥቀሺው።

ከበሮውን የምትቀጂበትን ቀን ደግሞ ዝናብ በሌለበት አድርጊው። እኔ የምሠራው ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ስለሆነ በክረምት ከሰዓት በኋላ ማይክ አልከፍትም።

ክራር ዘልደታ

በ180 ሞክሬው ክሊኩ ከእግሬ ጋር ገጥሟል። እጅግ አመሰግናለሁ፤ ከበሮ ተጫዋቹንም ለመጪው ቅዳሜ ቀጥሬዋለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ሚክሱን ልሰጠው ያሰብኩት ባለሙያ ኪውቤዝ ነው የሚጠቀመው። የሪፐርን ፕሮጀክት ሊከፍተው ካልቻለ ሥራው እንዴት ይተላለፋል?

የካዛንቺሱ አቀናባሪ

መጀመሪያ ላይ ፕሮጀክቱ እንዳለ መከፈቱን እንደ ጥቅም ያነሳሁት እኔ ስለሆንኩ መልሱንም ልስጥዎ። ሁለታችሁም የምትጠቀሙት ሶፍትዌር አንድ ባይሆንም ሥራው ይተላለፋል፤ እንዲያውም በሥርዓት ተዘጋጅቶ የመጣ ፋይል በተዝረከረከ የኪውቤዝ ፕሮጀክት ከመጣልኝ ይልቅ ያስደስተኛል።

እያንዳንዱን ትራክ ለየብቻው በዌቭ ፋይል ያውጡት። ክራሩ የሚገባው ከአንደኛው ደቂቃ በኋላ ቢሆንም ፋይሉ ከዜሮ ይጀምር፤ ሁሉም ፋይሎች ከአንድ ነጥብ ከተነሱ ባለሙያው የትኛውም ሶፍትዌር ላይ ሲጥላቸው በየቦታቸው ይቀመጣሉ። በ24 ቢትና በቀዱበት በዚያው ኪሎኸርትዝ ያውጡት፤ በ48 የቀዱትን ወደ 44.1 አይቀይሩት፤ አስፈላጊ ከሆነ ባለሙያው ይቀይረዋል። ሲቀዱም ድምፁ ከፍተኛ በሚሆንበት ቦታ እንኳ ቀዩን እንዳይነካ ዝቅ አድርገው ይቅዱ፤ በ24 ቢት ዝቅ ብሎ የተቀዳ ከፍ ይደረጋል፣ የተሰነጠቀ ግን አይመለስም። ሪቨርብ (ማስተጋቢያ) ወይም ማረሚያ ያደረጉበት ድምፅ ካለ ያልተነካውንም ጨምረው ይላኩ። የፋይሎቹ ስም «ትራክ 7» ሳይሆን «ክራር»፣ «ማሲንቆ»፣ «ከበሮ ሰፊው ፊት» ይሁን። በአንድ የጽሑፍ ፋይል ላይ ፍጥነቱን፣ ምቱ 6/8 መሆኑን፣ ቅኝቱንና መነሻ ድምፁን ይጻፉ። ባለማሲንቆ በነገሩን መሠረት ደግሞ «ክራሩ በጆሮ የተቃኘ ነው፤ በማረሚያ እንዳይነካ» የሚል መስመር በግልጽ ያስገቡ፤ ጥሩ ባለሙያ ይህን ሲያነብ ያመሰግንዎታል።

በ48 ኪሎኸርትዝና በ24 ቢት የተቀዳ አንድ የሞኖ ትራክ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ያህል ነው። አምስት ደቂቃ የሚረዝም ባለ አሥር ትራክ ዘፈን ወደ 430 ሜጋባይት ይሆናል። በኢንተርኔት መላክ ይቻላል፤ ስቱዲዮው መሐል ከተማ ከሆነ ግን በፍላሽ ይዘው ሄደው የመጀመሪያውን ሚክስ አብረው ቢሰሙ እመርጣለሁ። የእነዚያን ፋይሎች ሌላ ቅጂ ሳያስቀሩ ከቤት እንዳይወጡ።

ባለማሲንቆ

ለጓደኛሽ የማሲንቆውን ማይክ ከቀስቱ ጋር ሳይሆን ከቆዳው ፊት ለፊት፣ በሁለት ስንዝር ርቀት እንዲያደርገው ንገሪው፤ የጭራው ፍትጊያ እንዲቀንስ ትንሽ ወደ ጎን ያዘንብለው። ቅዳሜ ከበሮውን ስትቀዱ የመጀመሪያውን ቅጂ እዚሁ ብትለጥፉት በደስታ እሰማዋለሁ።